ስፑክስ፦ ዝምታ ሰው የሚያስገድልበት የሰላዮች ሲሪየስ

ስፑክስን ገና ልትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ የምመክራችሁ ነገር ከማንም ገፀ ባህሪ ጋር እንዳትላመዱ ነው። የምሬን ነው። ለማያውቁት፣ ቢቢሲ ዋን ላይ በፈረንጆቹ ከ2002 እስከ 2011 የታየ 10 ሲዝንና 86 ኤፒሶድ ያለው የእንግሊዝ ሲሪየስ ነው፣ ታሪኩ ስለ ኤም አይ 5 ማለትም ስለ እንግሊዝ የሀገር ውስጥ ደህንነት መስሪያ ቤት ነው፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ሴክሽን ዲ ስለሚባል የፀረ ሽብር ቲም። አሜሪካ ውስጥ የታየው ኤም አይ 5 በሚል ስም ስለሆነ ስትፈልጉ በዚህኛው ካጣችሁት በዛኛው ሞክሩ። እና ከአሁኑ ልናገር፣ ከዚህ በታች ስፖይለር በሽ ነው፣ ምክንያቱም ስለዚህ ሲሪየስ ማን እንደሞተ ሳትናገር ምንም ማውራት አትችልም።

ሁለተኛው ኤፒሶድ ላይ ልጀምር። ቶም ክዊን (ማቲው ማክፋደን) እና ሄለን ፍሊን (ሊሳ ፎክነር) ባልና ሚስት መስለው ሮበርት ኦስቦርን የሚባል የዘር ግጭት ሊያስነሳ የሚያሴር ሰውዬን ይጠጋሉ። ሰውዬው ይነቃባቸዋል። አሳስሮ ቶምን ማን እንደሆነ እንዲናገር ይጠይቀዋል፣ ቶም ዝም ይላል። የሄለንን እጅ የፈላ ዘይት ውስጥ ይከታል፣ ቶም አሁንም ዝም። ከዛ ጭንቅላቷን። ከዛ በጥይት። አለቀ። ሊሳ ፎክነር ያኔ በቲቪ የታወቀች ልጅ ነበረች፣ ከዋናዎቹ አንዷ ናት ብሎ ነው ሰው ሁሉ ያሰበው፣ እና በሁለተኛ ሳምንቷ እንደዛ አድርገው ሲገድሏት ቢቢሲ 250 አካባቢ ቅሬታ ደረሰው።

ብዙ ሰው ስለዚህ ሲን ሲያወራ ስለ ዘይቱ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን የሚቆረቁረኝ የቶም ዝምታ ነው። ቢናገር ደግሞ ምናልባት ሁለቱም ይሞቱ ነበር እኮ፣ ስራቸውም መና ይቀር ነበር፣ ስለዚህ ዝም ማለቱ ስራው ነው፣ የሰለጠነበት ነው፣ እና ያ ትክክለኛ ውሳኔ ጓደኛውን አስገደላት። ሲሪየሱ ምርጥ የሚሆነው ይሄንን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ነው፣ አንድ ሰው አፉን ይዘጋል፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ይከፍላል። ይሄን ሲረሳው ደግሞ ተራ የቦምብ ድራማ ይሆናል፣ እመለስበታለሁ።

አሰራሩ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የተዋናዮች ስም አይወጣም። መጀመሪያም የለም፣ መጨረሻም የለም፣ ሰላዮች ናቸውና ስማቸው አይታወቅ የሚል ሀሳብ ነው። ኤፒሶዱ ሲያልቅ ምስሉ ባለበት ቀጥ ይልና ወደ ጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ ይቀየራል፣ በቃ ጥቁር። ሙዚቃ እየሰማህ ስም እያነበብክ የምትረጋጋበት ደቂቃ የለህም። አንዳንዴ የሆነ ሰው ፊት ላይ ቀጥ ይልብሃል እና ያ ፊት ለሰዓታት አይለቅህም። ስክሪኑን ሁለት ሶስት ቦታ የሚከፋፍሉት ነገር ግን አሁን ላይ ሲታይ ትንሽ ያረጀ ይመስላል፣ ያኔ ፋሽን ነበር መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሲዝኖች የምወዳቸው ስራውን ቤት ድረስ ስለሚወስዱት ነው። ቶም ኤሊ የምትባል ፍቅረኛ አለችው፣ ሜይሲ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት፣ እና ኤሊ የምታውቀው ማቲው የሚባል ሰው ነው። አንሶላ ተጋፍፋ፣ ልጇን አምናው፣ ስሙን እንኳን አታውቅም! እውነቱን ሲነግራት ደግሞ የሚገላገል ይመስለዋል፣ ጭራሽ ከድጡ ወደ ማጡ። የአንደኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ቶም ላፕቶፕ ይዞ ቤት ይገባል፣ ላፕቶፑ ውስጥ ቦምብ አለ፣ እና ኤሊና ልጇ ውስጥ ሆነው በሩ አይከፈትም። ለምን አይከፈትም? መስሪያ ቤቱ ለደህንነታቸው ብሎ ያስገጠመው መቆለፊያ ነዋ! እሱ ውጪ ሆኖ በሩን ይደበድባል፣ እነሱ ውስጥ ሆነው በመስታወት ያዩታል፣ እና ሲዝኑ እዛ ላይ ተቆረጠ። ያኔ በየሳምንቱ ይከታተሉ የነበሩ ሰዎች ቀጣዩን ሲዝን እስኪመጣ እንዴት እንደቻሉት እንጃ። ከዛ ኤሊ በህይወት ተረፈች ግን ከቶም ጋር አልተረፈችም፣ ትታው ሄደች፣ ማን ይፈርድባታል።

አንድ ኤፒሶድ ብቻ እያችሁ ፍረዱ ብባል የሁለተኛውን ሲዝን አምስተኛ ክፍል ነው የምሰጣችሁ። ቲሙ ዘ ግሪድ በሚሉት ቢሮአቸው ውስጥ ለልምምድ ብለው ይዘጉባቸዋል። አሰልቺ የመንግስት ልምምድ ነው፣ እየተነጫነጩ ይጀምራሉ። ከዛ ውጪ የሚሰማው ነገር ልምምድ መምሰሉን ይተዋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ አለቃቸው ሃሪ መታመም ይጀምራል፣ እና ቶም ሳይወድ በግዱ አለቃ ይሆናል። መኪና ማባረር የለ፣ ሄሊኮፕተር የለ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተዘጉ የተጨናነቁ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ በሩ ይከፈት አይከፈት ብለው የሚጣሉ። የፃፈው ሃዋርድ ብሬንተን የሚባል የቲያትር ፀሐፊ ነው፣ ያስታውቃልም። መጨረሻውን አልናገርም፣ አንድ ነገር እንኳን ይቅርላችሁ።

ሃሪ ፒርስ። ፒተር ፈርዝ ነው የሚጫወተው፣ እና 10ሩንም ሲዝን የዘለቀ ብቸኛው ዋና ተዋናይ እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ልብ ላትሉት ትችላላችሁ፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚኮሳተር አለቃ ነገር ነው፣ ዋናው ቶም ነው ብላችሁ ነው የምታዩት። ቶም ሲዝን 3 መጀመሪያ ላይ ከስራ ይሰናበታል፣ ከዛ አዳም ካርተር መጣ፣ ከዛ ሮዝ፣ ከዛ ሉካስ፣ ሁሉም እየመጡ ሁሉም ሲሄዱ ሃሪ እዛው ነው፣ እና ቀስ ብሎ ይገባችኋል፣ ታሪኩ የእሱ ነበር ለካ። ሰውየው ብዙ አያወራም። ፈርዝ በአይኑ ብቻ ነው የሚሰራው፣ አንድን ልጅ ሊሞት እንደሚችል እያወቀ ሲልከው ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፣ ልጁ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ብቻ ትንሽ ነገር ይለወጣል።

እና ሩት ኤቨርሼድ። ኒኮላ ዎከር። እዚህ ጋ ገለልተኛ መሆን አልችልም፣ በጣም ነው የምወዳት። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ከጂሲኤችኪው ማለትም ስልክና ኢንተርኔት ከሚጠልፈው መስሪያ ቤት ተዛውራ ትመጣለች፣ ዝርክርክ ያለች፣ ፋይል የምትጥል፣ ጭንቅላቷ ግን እሳት የላሰ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ለድሮ መስሪያ ቤቷ ወሬ ታቀብል ነበር። በእሷና በሃሪ መሀል ያለው ነገር በቲቪ ካየሁት ፍቅር ሁሉ ቀርፋፋው ነው፣ አመታት፣ አመታት እኮ ነው! አምስተኛው ሲዝን ላይ እሱን ለማዳን ብላ አንድ ወንጀል በራሷ ላይ ወስዳ የሞተች መስላ ከሀገር ትወጣለች፣ ወደቡ ላይ ይሰነባበታሉ።

ስትመለስ ስምንተኛው ሲዝን ነው፣ እና አሁን ያንን የዘይቱን ሲን አስታውሱ። ሩት በሄደችበት ሀገር ጆርጅ የሚባል ሰው አግኝታ፣ ትንሽ ልጁንም እንደራሷ ልጅ ይዛ ኑሮ ጀምራለች። ይያዛሉ። ሃሪም ይያዛል። የምታውቀውን ሚስጥር ካልተናገርክ ጆርጅን እንገድለዋለን ይሉታል። ሃሪ አይናገርም፣ ጆርጅን ሩት እያየች ይገድሉታል። ሰባት አመት ቆይተው ያንኑ ጥያቄ ነው የደገሙት፣ ያኔ ዝም ያለው ወጣቱ ነበር፣ አሁን ዝም ያለው የምትወደው ሰውዬ ነው፣ እና ሩት እንዴት ይቅር ትበለው? በኋላ ሃሪ፣ የሮዝ ቀብር ላይ መሆኑ ነው እንግዲህ፣ እናግባ ሲላት እንቢ ትለዋለች። ቀብር ላይ ጋብቻ የሚጠይቅ ሰው! ሃሪን ካያችሁት ግን አይገርማችሁም፣ ሌላ ጊዜ የለውማ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልሂድ። ከቲሙ አንዱ የሆነው ዳኒ (ዴቪድ ኦየሎዎ) የሶስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ሲሞት ባልደረባውን ለማትረፍ ሆን ብሎ ገዳዩን ወደራሱ ስቦ ነው፣ ያ አንጀት ይበላል። ሌላዋ የቲሙ ልጅ ዞዪ (ኪሊ ሃውስ) እዛው ሲዝን ላይ ፍርድ ቤት ቀርባ ተፈርዶባት በሌላ ስም ወደ ቺሊ የምትሸሸው ደግሞ ሳይሞቱ መሞት ነው፣ በጣም ጥሩ ሀሳብ። ከዛ በኋላ ግን ልማድ ሆነ። ከቲሙ ፊዮና ሞተች፣ ኮሊን ሞተ፣ ዛፍ የሚባለው ልጅ ሞተ፣ ቤን ሞተ፣ ጆ ሞተች፣ አዳም ቦምብ ያለበትን መኪና ከሰው መሀል እየነዳ አውጥቶ ሞተ፣ ሮዝ ሚኒስትር አድናለሁ ብላ ሆቴል ውስጥ ሞተች። የሲዝን መጨረሻ ሲደርስ ማን እንደሚሞት መገመት ጨዋታ ይሆናል፣ በተለይ አንዱ ድንገት ስለ እረፍት ወይም ስለ ፍቅር ማውራት ከጀመረ በቃ አለቀለት። ሄለን ስትሞት የደነገጠው ተመልካች ሰባተኛ ሲዝን ላይ ሲደርስ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ሞት ሳይሆን ያ ምርጫ ነበር እኮ ልብ የሚሰብረው፣ ፀሐፊዎቹ ምርጫውን እየጣሉ ሞቱን ብቻ ያዙት።

ሉካስ ኖርዝን ምን እንዳደረጉት ደግሞ እስካሁን ያበሳጨኛል። ሪቻርድ አርሚቴጅ ሰባተኛው ሲዝን ላይ ስምንት አመት የሩሲያ እስር ቤት ቆይቶ የተመለሰ ሰላይ ሆኖ ሲገባ ሲሪየሱ ነፍስ ዘራ፣ ሰውየው ታማኝ ነው አይደለም እያላችሁ ታዩታላችሁ፣ ሰውነቱ ሙሉ ንቅሳት ነው፣ ዝም ሲል ያስፈራል። ዘጠነኛው ሲዝን ላይ ግን ተነስተው፣ ለካ ስሙ ሉካስ አይደለም፣ ጆን ቤትማን ነው፣ እውነተኛውን ሉካስ ገድሎ ነው ስራው ውስጥ የገባው፣ ዳካር ኤምባሲ ላይ የፈነዳው ቦምብም የሱ እጅ አለበት አሉን። ምንድነው ይሄ? ሁለት ሲዝን ሙሉ ያየነውን ሰው በአንድ ጊዜ ሰረዙት። ይሄን ያህል የሚያጣራ መስሪያ ቤት እንዴት ይሄን አላወቀም ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ አርሚቴጅ ራሱ የቻለውን አድርጎ ነው እንጂ ስክሪፕቱ የሚያሰራ አይደለም።

ስለ እውነታው የሚጠይቁ አሉ። እውነተኛው ኤም አይ 5 ሰው የማሰር ስልጣን የለውም፣ እስር የፖሊስ ስራ ነው፣ እዚህ ግን አምስት ስድስት ሰው ሽጉጥ ይዞ ሙሉ ለንደንን ያድናል፣ ጠዋት ይሰልላል ከሰዓት በር ይሰብራል። የሚገቡበት ትልቁ በር እንኳን የእውነቱ መስሪያ ቤት ቴምዝ ሃውስ አይደለም፣ ፍሪሜሰንስ ሆል የሚባል ሌላ የለንደን ህንፃ ነው። እኔን አይከብደኝም፣ ዶክመንታሪ አይደለም። ይልቅ እውነት የሚመስለው ትናንሹ ነገር ነው፣ ለምሳሌ አንደኛው ሲዝን ላይ ቴሳ የምትባለዋ ሃላፊ የሌሉ መረጃ አቀባዮችን ፈጥራ ደሞዛቸውን ራሷ ትበላለች፣ ሚስጥር ስለሆነ ማን ያጣራል? ይሄ ከየትኛውም የቦምብ ታሪክ በላይ አሳመነኝ።

ሙስሊሞችን የሚስሉበት መንገድ ያኔም ክስ አስነስቷል፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ በርሚንግሃም መስጊድ ውስጥ የሚመለመሉ ልጆች ታሪክ ሲወጣ ብዙ ሰው ተቆጥቷል። ቁጣው ይገባኛል፣ ሲሪየሱ ውስጥ ሙስሊም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወይ አሸባሪ ነው ወይ ተጠርጣሪ። እዛው ኤፒሶድ ላይ ግን አሌክሳንደር ሲዲግ የሚጫወተው አልጄሪያዊ ሰላይ አለ፣ ኢብን ኻልዱን፣ በአንድ ኤፒሶድ ብቻ መጥቶ ዋናዎቹን ሁሉ አስናቃቸው።

ጊዜ ለሌለው ሰው፣ ከአንድ እስከ ሶስት ያለውን ሙሉ እዩ፣ ሰባተኛውንም አትለፉት፣ ስድስተኛው አንድ የኢራን ታሪክ ለአስር ኤፒሶድ ስለሚጎትት ትዕግስት ይጠይቃል፣ ዘጠነኛውን ብትዘሉት አልቀየማችሁም። አስረኛው ስድስት ክፍል ብቻ ነው፣ ለሃሪና ለሩት ስትሉ እዩት፣ መጨረሻው ላይ ቶምም ለሰከንዶች ብቅ ይላል፣ መሀረብ አዘጋጁ።

በ2015 የወጣ ፊልምም አለው፣ ኪት ሃሪንግተን ያለበት። ሃሪ እዛም አለ፣ እዛም ያው ሃሪ ነው። የተቀረው የሁለት ሰዓት ሩጫ ነው፣ ሲሪየሱን ያላየ ሰው ለምን ሃሪን እንደዛ እንደምንፈራው አይገባውም፣ ያየ ሰው ደግሞ ሩት የሌለችበት ስለሆነ ይደብረዋል።