14 ወር ከጄንቱ ሊኑክስ ጋር፦ ቱሉ ዲምቱ፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ

የጫንኩት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ላፕቶፑ ቲንክፓድ ቲ480፣ ሰከንድ ሃንድ፣ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም። ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቅም። ሰፈሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መብራት የማይጠፋበትና ኔት የማይቆጥር ሰው ስለ ጄንቱ የሚለውና እኔ የምለው አይገናኝም።

ለማያውቀው፦ ጄንቱ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ። እሱ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ፕሮግራም አውርዶ መጫን ዋናው መንገድ አይደለም። ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሮች የጻፉት ጽሑፍ) ይወርዳል፣ እዚያው ማሽናችሁ ላይ ኮምፓይል ይደረጋል፤ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀየራል። ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት)፣ ዴስክቶፑም፣ ኮምፓይለሩ ራሱም። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ፖርቴጅ ይባላል፤ ትዕዛዙ ኢመርጅ ነው። ዳንኤል ሮቢንስ የሚባል ሰው የጀመረው ሲሆን 1.0 ስሪቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስሙን ያገኘው ከአንድ የፔንግዊን ዝርያ ነው፤ ሲዋኝ ከፔንግዊኖች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው ይባላል። ስለ ፍጥነት ቅሬታ አለኝ፣ እመለስበታለሁ።

(አንድ ነገር እንስማማ፤ ከዚህ በኋላ ፓኬጅ ስል ሶፍትዌሩን ነው። የኔቱን ፓኬጅ ዳታ እለዋለሁ። አለበለዚያ ሁላችንም እንጠፋለን።)

ለምን ገባሁበት? ድሮ ላፕቶፑ ላይ የነበረው ሲስተም ሳይጠይቀኝ አፕዴት እያወረደ ዳታዬን ይጨርስብኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ባዶ። ምን እንደሚወርድና መቼ እንደሚወርድ እኔ የምወስንበት ነገር ፈለግሁ። ሌሎች ሊኑክሶችም ይህን ያደርጋሉ፣ አውቃለሁ። ግን እልህ ያዘኝ።

መጫኑ አራት ቀን ወሰደብኝ። ሃንድቡኩ (የጄንቱ መመሪያ) በጣም ጥሩ ነው፤ መስመር በመስመር ከተከተላችሁት አይጥላችሁም። እኔ ሁለት መስመር ዘልዬ አንድ ቀን አቃጠልኩ። ስለ መጫኑ ይህ ይበቃል፤ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ስለ እሱ ነው፣ ዋናው ጣጣ ግን ከዚያ በኋላ ነው ያለው።

መጀመሪያ ስለ መብራቱ። ፖርቴጅ ፓኬጆችን በተራ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው በእጁ ላይ ያለው ብቻ ነው። የተጠናቀቀው ተጠናቋል። ሲመጣ ሪዚዩም ትሉታላችሁ፣ ከቀረው ይቀጥላል። ለኛ ሰፈር የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ ደስ አለኝ። ዌብኪት እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው። ይህ ድረ ገጽ ለማሳየት ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ላይብረሪ ሲሆን ራም የሚበላው ጉድ ነው። ለአንድ ጆብ (ጎን ለጎን ከሚሄዱት የኮምፓይል ሥራዎች ለአንዱ) 2 ጊጋ ራም ያስፈልጋል የሚል ምክር አለ፤ በ8 ጊጋ ስምንት ጆብ ለቅቄ ማሽኑ ድርቅ ብሎ ቀረ። ወደ ሁለት ጆብ ዝቅ አደረግሁት፣ ሄደ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። እና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ተኝቻለሁ። ባትሪው አለቀ። ጠዋት ከዜሮ። ይህ ሦስት ጊዜ ደረሰብኝ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ያገኘሁት በአራተኛው ወር ነው፤ ላፕቶፑን ማስተኛት። ክዳኑን ስትዘጉት ኮምፓይሉ ባለበት ይቆማል፣ ስትከፍቱት ከዚያው መስመር ይቀጥላል። አሁን ባትሪው 10 በመቶ ሲደርስ ራሱ እንዲተኛ አድርጌዋለሁ። ቲ480 ደግሞ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የኋላውን ሳያጠፉት መቀየር ይቻላል። በኮምፓይል ላይ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያቆዩኛል፣ አሮጌ ስለሆኑ።

እናቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቆጣሪውን ካርድ እያየች ትጠረጥረኝ ነበር። የፋኑ ጩኸት ደግሞ አልረዳኝም።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ወፍጮ ነው እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጨው ምንድን ነው?»

«እማዬ፣ ካንቺ ምጣድ አይበልጥም።»

አላመነችኝም፣ ግን ሒሳቡ ትክክል ነው። ላፕቶፑ ሲጨናነቅ 50 ዋት አካባቢ ይስባል፤ አሥር ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚስብ ያንኑ ያህል አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። አንድ ሁለት እንጀራ ማለት ነው። ጩኸቱን በተመለከተ ግን እሷ ትክክል ነበረች። ሰፈራችን ግንባታው አላለቀም፣ አቧራው ከባድ ነው። በስድስተኛው ወር ከፍቼ ፋኑን ሳጸዳ የወጣው ነገር ጭድ ይመስል ነበር። ሲፒዩው ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፓስታም ቀየርኩለት፤ 97 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ወደ 82 ወረደ። ጄንቱ ባይኖር ይህን ያህል ባልሞቀ ነበር፣ ስለዚህ ይህ ወጪ ከእሱ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ዳታው። ማንም ያልነገረኝ ይህን ነው፤ ሶርስ ኮድ ተሠርቶ ካለቀ ፕሮግራም በመጠን ይበልጣል። የፋየርፎክስ ሶርስ ታሽጎ እንኳ ከተዘጋጀው ብዙ እጥፍ ነው። ክሮሚየም የሚባለውን ብራውዘር አልሞከርኩትም፣ ልሞክረውም አላስብም። ደግነቱ ከርነሉ ላይ ብልሃት አላቸው፤ ዋናው ሶርስ አንዴ ይወርዳል፣ በዚያው ተከታታይ ውስጥ የሚመጡት ትናንሽ ስሪቶች በፓች፣ ማለትም የተቀየረውን ብቻ በያዘ ፋይል ነው የሚመጡት። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ።

ለቀረው የማደርገው እንዲህ ነው። ኢመርጅን ሳታወርድ ሊንኮቹን ብቻ አሳየኝ ማለት ይቻላል። ዝርዝሩን ፋይል ላይ አስቀምጬ በፍላሽ ይዤ ከተማ መሥሪያ ቤት እወስደዋለሁ፣ በምሳ ሰዓት አወርዳለሁ፣ ማታ ይዤ እመለሳለሁ። ፋይሎቹን ቦታቸው ስከታቸው ፖርቴጅ የእያንዳንዱን አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ያመሳክራል። አንድ ቀን ታክሲ እንዳያመልጠኝ ፍላሹን በጥድፊያ ነቅዬ አንድ ፋይል ተበላሽቷል፤ ወዲያው ያዘኝ፣ አልሠራም አለ። በዚህ ነገር ነው ልቤን የወሰደው። ሶርሱ በየት በኩል ይምጣ፣ በምን ይምጣ፣ ትክክለኛው መሆኑን ሳያረጋግጥ አይነካውም።

ዩዝ ፍላግ የሚሉት ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ምን ይግባ ምን ይቅር የምትወስኑበት። እኔ እንደ ጀማሪ መጋዝ ይዤ ገባሁበት። ፕሪንተር የለኝም፣ ይቅር። ብሉቱዝ ምን ያደርግልኛል፣ ይቅር። በሰባተኛው ወር የእህቴ ልጅ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ስጦታ ሰጠችኝ። ፍላጉን መልሼ 11 ፓኬጅ እንደገና ሠራሁ። ጆሮ ማዳመጫ ለመክፈት ሁለት ሰዓት የጠበቀ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሌላም አለ። ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄንቱ ራሱ ተሠርተው ያለቁ ፓኬጆችንም ያቀርባል። ግን የሚሠራላችሁ ዩዝ ፍላጎቻችሁ ከእነሱ ጋር ሲመሳሰሉ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ከቆራረጥኩ በኋላ ዌብኪትንና ሊብረኦፊስን (የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙን) ተዘጋጅተው ለማግኘት ስል ዩዝ ፍላጎቼን ወደ ነበሩበት መመለስ ጀመርኩ። ያስቃል፣ አውቃለሁ። ፋየርፎክስንም የተዘጋጀውን ነው የምጠቀመው። በራሴ የምሠራቸው ከርነሉን፣ ጂሲሲን (ኮምፓይለሩን) እና ትናንሾቹን ነው። ጂሲሲ ራሱን በራሱ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ስለሚሠራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። እሱን ቁጭ ብዬ ማየት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

እና ፍጥነቱ? ወሬ ነው። «ለራስህ ሲፒዩ ስለተሠራ ይበራል» ይሉ ነበር። በፊት ላፕቶፑ ላይ ከነበረው ሌላ ሊኑክስ፣ ከኡቡንቱ ጋር ሳወዳድረው በእጄ የሚሰማኝ ልዩነት የለም። ራም የሚይዘው አነሰ፣ እሱም የማልፈልጋቸውን ከጀርባ የሚሠሩ ሰርቪሶች ስላላስገባሁ ነው።

ጥገናው ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ፋሲካ አካባቢ ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ወር ሙሉ አላደስኩትም። ስመለስ ብዙ ፓኬጆች የሚደገፉበት የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ስሪት ተቀይሯል፣ ይህኛው ያንን ይፈልጋል፣ ያኛው ይህንን አይቀበልም፤ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ቅዳሜና እሁዴን ሙሉ በላው። ከዚያ ድካም ላይ ሆኜ የኮንፊግ ፋይሎቹን ማሻሻያ ሳላነብ እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩ። የሱዶ ፋይሌ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው) በአዲሱ ተተካ፣ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሥልጣን አጣሁ። ደግነቱ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ትዝ ይለኝ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ አድሳለሁ፣ ከዚያ በፊት ፖርቴጅ የሚያመጣቸውን ማስታወቂያዎች አነባለሁ። በሳምንቱ ከሆነ አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ የኔን ጊዜ ነው የሚወስደው፤ የቀረው የማሽኑ ነው።

አማርኛ? መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሳጥን ሳጥን ነበር፣ ፎንት ስላላስገባሁ። ኖቶን ጫንኩ፣ ተፈታ። ለመጻፍ አይባስ ከኤም17ኤን ጋር (ሁለቱም በአማርኛ መተየቢያ ናቸው) በቂ ነው፤ ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው። ሲስተሙን አማርኛ ስታደርጉት ግን ቀኑን «ማርች» ብሎ በግዕዝ ፊደል ይጽፍላችኋል። መጋቢት የሚባል ነገር አያውቅም።

ለሥራ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ያለው ሰው ከጠየቀኝ ተው ነው የምለው። እኔ ጠዋት አስቸኳይ ነገር ሲመጣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር አለኝ። ያ ባይኖር በፋሲካው ጉድ ጊዜ እጥለው ነበር። መልሼ እጭነዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትልልቆቹን ተዘጋጅተው አወርዳለሁ፣ ብሉቱዙንም አልነካም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። 31 ፓኬጅ አለ፣ 19ኛው ላይ ደርሷል፣ ቀጥሎ ጂሲሲ። እማዬ ነገ በጠዋት ትጋግራለች፣ ምጣዱ ሲሰካ ደግሞ አምፖሉ ሁሉ ይደበዝዛል። ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይሻለኛል። እስካሁን መብራት አለ።