ምን እንደሚተው የሚያስተምር ክፍል፦ በድሬዳዋ ከዚራ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ጽሑፍ ሥልጠና

በድሬዳዋ የእንግሊዝኛ ቱቶሪያል የሚሰጡ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ ግን የሚያተኩሩት በሰዋስውና በንግግር ልምምድ ላይ ነው። ከዚራ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የሚሰጠው ይህ ሥልጠና ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ በመነሣቱ ነው፤ እርሱም ረጅም ጽሑፍን ወይም ሠንጠረዥን አንብቦ ፍሬ ነገሩን በአጭር እንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ የት ሄደው ቢማሩ እንደሚሻላቸው ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ እንደ ማንኛውም ሠልጣኝ ከፍዬ ተመዝግቤ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ተከታተልሁ።

የእንዲህ ያለ ሥልጠና አስፈላጊነት ለማንም የሚሰወር አይመስለኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን የሚለካው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ ተፈታኙ አንብቦ ትክክል የመሰለውን መልስ ይመርጣል እንጂ አንድም አንቀጽ አይጽፍም። በየክፍሉ የሚቀመጠው የተማሪ ብዛትም መምህሩ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አርሞ እንዲመልስ ጊዜ አይሰጠውም። በዚህም ምክንያት በክፍሉ ጎበዝ የሚባለው ልጅ እንኳ ዓለም አቀፍ ፈተና ለመፈተን ሲነሣ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ የተመለሰለት የራሱ ጽሑፍ በእጁ ላይኖር ይችላል። ፈተናዎቹ ደግሞ ርኅራኄ የላቸውም። አካዳሚክ አይልትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና የጽሑፍ ክፍል የመጀመሪያው ጥያቄ በግራፍ፣ በሠንጠረዥ ወይም በሥዕላዊ መግለጫ የቀረበን መረጃ ቢያንስ በ150 ቃላት ማጠቃለልን ይጠይቃል፤ ለዚህም የሚመከረው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ፒቲኢ የሚባለው ሌላው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ከዚህም ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ የተነበበው ጽሑፍ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገርና ከ75 ባልበለጡ ቃላት መጠቃለል አለበት። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የጨመረ ሰው ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ከዚያ ጥያቄ ነጥብ አያገኝም።

አሠልጣኙ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባጭሩ አስረድቶ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባ። ከሥልጠናው ሁሉ በላጭ የምለው ትምህርት የተሰጠው ስለ ከተማችን አመሠራረት በተዘጋጀ የአንድ ገጽ ንባብ ላይ ነበር። ንባቡ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ መስጠታቸውን፣ ሐዲዱ መጀመሪያ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ እንደነበረ፣ ተራራው ስላስቸገረና ወጪው ስለከበደ ግን መሥመሩ በቆላው በኩል መዞሩን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚህ ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ መቆርቆሩንና አዲስ ሐረር መባሉን፣ በመጨረሻም ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ መግባቱንና የመሥመሩን ርዝመት በኪሎ ሜትር ይተርካል። ከሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ማጠቃለያቸውን የጀመሩት “ይህ ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ባቡር ታሪክ ይናገራል” በሚል ሐሳብ ነው፤ ከዚያም ዓመተ ምሕረቶቹን በተራ ደረደሩ። አሠልጣኙ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ካየ በኋላ የተናገረው ቃል ዛሬም ለተማሪዎቼ የምደግመው ነው፦ “ስለ ምን እንደሚናገር ነገራችሁኝ፤ ምን እንዳለ ግን አልነገራችሁኝም።”

ቀጥሎም የንባቡን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ እያነሣ “ይህ ባይኖር የቀረው ታሪክ ይፈርሳል ወይ?” እያለ ክፍሉን ጠየቀ። የኢልግ ስም ቢወጣ ታሪኩ አይፈርስም፤ ኪሎ ሜትሩም ቢወጣ እንደዚሁ። አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ላይ ሠልጣኞች ለሁለት ተከፍለው ተከራከሩ፤ ክርክሩ የተቋጨው ንባቡ የሚያስረዳው የከተማዋን አመሠራረት እንጂ የመሥመሩን ፍጻሜ አለመሆኑን ሁሉም ተመልሶ በማንበብ ሲያረጋግጥ ነው። ተራራው ግን ሊወጣ አይችልም፤ ምክንያቱም ተራራው ባይኖር መሥመሩ አይዞርም፣ መሥመሩ ባይዞር ድሬዳዋ አትቆረቆርም። በስተመጨረሻ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይዘቱ የሚከተለው ነበር፦ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ቢታቀድም ተራራማው አገር መሥመሩን ወደ ቆላው ስላዞረው፣ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 በጣቢያው ዙሪያ ተመሠረተች። ከ75 ቃላት እጅግ ያነሰ፣ ምክንያትንና ውጤትን ያያዘ፣ ከንባቡ አንድም ሐረግ ያልገለበጠ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም በመምህርነቴ “ዋና ሐሳቡን አውጡ” ከማለት በቀር እንዴት እንደሚወጣ ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ዘዴ ሲሠራበት አላየሁም ነበር።

ሌላው የሚመሰገን አሠራር ከመጻፍ በፊት መናገርን ማስቀደሙ ነው። በክፍሉ ውስጥ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚናገሩ ሠልጣኞች ነበሩ፤ አሠልጣኙም ሁለት ሁለት ሆነው ንባቡን ሸፍነው በሚግባቡበት ቋንቋ ፍሬ ነገሩን እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ወረቀቱ ስለተሸፈነ የንባቡን ቃላት መገልበጥ አይቻልም፤ ያልተረዳውም ሰው አለመረዳቱ ያኔውኑ ይታወቃል። ቃላትን በመዝገበ ቃላት አቻ እየቀየሩ ጽሑፍን የራስ አስመስሎ ማቅረብ በከተማችን የተለመደ ልማድ ነው፤ ይህ ክፍል ግን ስሞችን፣ ቁጥሮችንና የሙያ ቃላትን እንዳሉ ትቶ የዓረፍተ ነገሩን አወቃቀር መለወጥን ያስተምራል። ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ግራፍና ሠንጠረዥ ሲገባ ትምህርቱ ጥራቱን ጠብቆ ቀጥሏል። የድሬዳዋንና የሐረርን የአሥራ ሁለት ወራት የሙቀት መጠን የያዘ ሠንጠረዥ ቀርቦ ነበር፤ ወር በወር እየዘረዘሩ መጻፍ የፈለጉት ሠልጣኞች ቃላታቸው አልቆ ሚያዝያ ላይ ቆሙ። አሠልጣኙ በአይልትስ የምዘና መስፈርት አጠቃላይ ምልከታን የያዘ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚፈለግ፣ ከዘጠኝ ሰባት ነጥብ የሚፈልግ ተፈታኝም ይህን አንቀጽ ግልጽ አድርጎ መጻፍ እንዳለበት አስረድቶ፣ ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ ከሐረር እንደምትሞቅ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ከዝርዝሩ ሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍ አደረገ።

ጉድለቶቹን መደበቅ ግን ለአንባቢ አይጠቅምም። ከሁሉ ያሳዘነኝ ለሠልጣኞች የሚታደለው ጥራዝ ነው። አሠልጣኙ በቃሉ የሚያስተምረው ማሰብን ሲሆን፣ ጥራዙ በተቃራኒው ለማንኛውም ግራፍ ይሆናሉ የተባሉ የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮችን ሞልቶ ይዟል፤ ተማሪው ሸምድዶ ባዶ ቦታውን ብቻ እንዲሞላ የሚጋብዝ ነው። የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ልምድ ላለው አራሚ ወዲያው ይታወቃል፤ የተፈታኙንም ችሎታ ስለማያሳይ ነጥብ አያስገኝም። በበሩ ላይ የተለጠፈው “በአንድ ወር ሰባት ነጥብ” የሚለው ማስታወቂያም ሊነሣ ይገባዋል። የንባብ አቅሙ ደካማ የሆነን ሰው በአንድ ወር እዚያ የሚያደርስ ሥልጠና የለም፤ የዚህ ክፍል ትምህርትም አንብቦ ለሚረዳ ሰው እንጂ ንባቡ ራሱ ለከበደው አይጠቅምም። አስተዳደሩ ከመመዝገቡ በፊት አጭር የመግቢያ ፈተና ቢሰጥ ብዙዎችን ከከንቱ ወጪ ያድናል።

በጆሮ የተሰማን ንግግር ማጠቃለል የሥልጠናው ደካማ ጎን ነው። ፒቲኢ አጭር ንግግር አሰምቶ ከ50 እስከ 70 ቃላት ያለው ማጠቃለያ ይጠይቃል፤ በክፍሉ ያለው ግን አንዲት ትንሽ የድምፅ ማጉያ ብቻ ስለሆነች ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ ወደ ንባብ ይለወጣል። ልምምዱም ሁሉ በወረቀት ነው። በኮምፒዩተር ለሚፈተን ሰው የእንግሊዝኛ ፊደላትን በፍጥነት መተየብ አለመቻል ከሰዋስው ስሕተት ባልተናነሰ የሚጎዳ ሆኖ ሳለ ለዚህ የተመደበ ጊዜ የለም።

ወርኃዊ ክፍያው በከተማው ከተለመደው የቱቶሪያል ክፍያ ከፍ ይላል። ቢሆንም እያንዳንዱ ጽሑፍ በእጅ ታርሞ፣ በኅዳጉ ላይ “ይህ ለምን ገባ?” የሚል ጥያቄ ተጽፎበት ስለሚመለስ ክፍያው አልበዛም እላለሁ፤ እርማቱ አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ መምጣቱ ግን ሊታሰብበት ይገባል። የቀትር በኋላው ምድብ በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ረጅም ንባብ ለማንበብ ስለማያመች፣ ከሳቢያንም ሆነ ከመጋላ በባጃጅ ለሚመጣ ሰው የ11 ሰዓቱን ምድብ እመክራለሁ። አካዳሚክ አይልትስ ለመፈተን የሚዘጋጅና መካከለኛ ንባብ ያለፍርሃት የሚያነብ ሰው ቢመዘገብ ይጠቀማል፤ ጥራዙን ግን ወደ ጎን አስቀምጦ ታርመው የተመለሱለትን ወረቀቶች ደጋግሞ ይጻፋቸው። ፒቲኢ የሚፈተን ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የድምፅ መሣሪያውና የኮምፒዩተር ልምምዱ ተሟልተው እንደሆነ አስተዳደሩን ይጠይቅ።