የአያት ቆጠራ ወይስ የዘረ-መል ምርመራ?

አያቴ ትውልድ የሚቆጥሩት በጣታቸው አንጓ ነው። አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ የጠሩት የሴት ስም ነበር፤ ርስቱ የመጣው በእርሷ በኩል ነው አሉኝ። ደነገጥኩ። የአባት ስም ብቻ ስለምናስከትል የሴቶቹ ስም ከወረቀት ይጠፋል። በጎጃምና በጎንደር ግን ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር፣ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባት መቁጠር የመሬት ጉዳይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ሰባት ቤት መቁጠሩ በአብዛኛው ለጋብቻ ቀረ።

በምራቅ የሚደረገው የዘረ-መል ምርመራ ስም አይናገርም። ከሰባት ትውልድ በፊት ከነበረ አንድ አያት የምንወርሰው በአማካይ ከዘረ-መላችን 128 እጅ አንዱን ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ግን ያንኑ ሰው ከነቀዬው ይነግርሃል። ሆኖም ሽማግሌ ያፈረበትን ሊዘል ይችላል፣ ምርመራው አይዘልም። በማደጎ ወደ ውጭ ሄዶ የወላጆቹን ስም ለማያውቅ ሰው ደግሞ፣ የተመረመረ የቅርብ ዘመድ ካለው፣ ያለው መንገድ ይኸው ሊሆን ይችላል።

እኔ ከአያቴ እጀምራለሁ። ምርመራው ነገም ይደርሳል፤ እርሳቸው ግን ዘጠናን አልፈዋል። ቅዳሜ ደብተርና መቅረጫ ይዤ እሄዳለሁ።