ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ፦ እናትም ልጅም እኩል የሚጫወቱት ጨዋታ

በአዲስ አበባ የቪዲዮ ጌም ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፕሌይስቴሽንና ወደ እግር ኳስ ጨዋታው ነው፤ በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶችም ይህንን ልማድ አጽንተውታል። ይሁን እንጂ ያ ዓይነቱ ጨዋታ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ቤተሰቡን ለሁለት ይከፍላል፦ የጆይስቲኩን ቁልፎች ጣቶቹ የለመዱት ወጣት ይጫወታል፣ ሌላው ጥቂት ካየ በኋላ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እጅን በማወዛወዝ የሚጫወቷቸው የስፖርት ጨዋታዎች ይህን ክፍፍል ያስቀራሉ። ከእነርሱ መካከል ልደታ አካባቢ እንዳለው ቤታችን ባለ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ከሁሉ የሚስማማው የኒንቴንዶ ኩባንያ ስዊች በተባለው መጫወቻው ላይ የሚሠራው ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ ከተባለው የኒንቴንዶ የቀድሞ መጫወቻ ጋር የወጣው ዊ ስፖርትስ ነው። መጀመሪያ ቦውሊንግ (ኳስ አንከባልሎ የተደረደሩ እንጨቶችን መጣል)፣ ቴኒስ፣ ባድሜንተን፣ መረብ ኳስ፣ እግር ኳስና የሰይፍ ፍልሚያ ነበሩት፤ በ2022 መጨረሻ ጎልፍ፣ በ2024 ደግሞ ቅርጫት ኳስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተጨምረውበታል። ሁሉም የሚሠሩት በመዳፍ ውስጥ በሚገባው ጆይ-ኮን በተባለው ትንሽ ጆይስቲክ ነው። ጆይ-ኮኑ በውስጡ ባሉት የእንቅስቃሴ መለኪያዎች የእጅን ፍጥነትና የአንጓን መዞር ይለካል እንጂ ተጫዋቹን በካሜራ አይከታተልም። ይህ ልዩነት ለእኛ ቤቶች ትልቅ ትርጉም አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይሸጠው የነበረውና በ2017 ማምረቱን ያቆመው ኪኔክት የተባለው የእንቅስቃሴ መከታተያ በካሜራ የሚሠራ ስለነበር፣ ሁለት ሰዎች እንዲጫወቱ ከቴሌቪዥኑ ወደ 2 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይጠይቅ ነበር፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛና ቡፌ በተደረደሩበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህን ያህል ባዶ ወለል ማግኘት ከባድ ነው። በስዊች ስፖርትስ ግን ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ ካለ ይበቃል።

በቤታችን ከሁሉ በላይ የተወደደው ቦውሊንግ ነው፤ የጨዋታው ትልቁ ጥንካሬም ያለው እዚህ ላይ ነው። እናቴ በሕይወቷ ጌም ነክታ አታውቅም፤ በስክሪኑ ላይ ያለውንም እንግሊዝኛ አታነብም፣ አማርኛ ደግሞ በቋንቋ ምርጫው ውስጥ የለም። ቢሆንም የልጄ ማብራሪያ፣ «እማማ፣ ይህን ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ እጅዎን ወደ ኋላ ይሳቡና ኳስ እንደሚያንከባልሉ አድርገው ይወርውሩ» ከማለት አላለፈም። እርሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ጎንበስ ብላ ወረወረች። ኳሱ ወደ ቀኝ አፈንግጦ ጥግ ላይ ያሉትን ጥቂት እንጨቶች ብቻ ጣለ። ምክንያቱ ወዲያው ገባት፤ እጇን ስትለቅ አንጓዋ ዞሮ ነበር፣ ጆይ-ኮኑም ያንን መዞር ለክቶ ኳሱን አጥፎታል። በሚቀጥለው ውርወራ አንጓዋን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ ኳሱም መሐል ለመሐል ሄደ። ስሕተትን በገዛ እጅ ላይ ማየትና በገዛ እጅ ማረም መቻል ይህን ጨዋታ ለሁሉም ዕድሜ የሚመች ያደርገዋል፤ ልጄም በጌም ልምዱ ምክንያት ከአያቱ የሚበልጥበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጆይ-ኮን ካለ እስከ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ መወርወር ስለሚችሉ፣ እንግዳ በሚበዛበት የበዓል ቀን ተራ ጥበቃ አያሰለችም።

በቴኒስና በባድሜንተን ተጫዋቹን የሚያሯሩጠው ጨዋታው ራሱ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው መምቻውን በትክክለኛው ቅጽበት ማወዛወዝ ነው። መረብ ኳስ ሁለት ለሁለት ስለሆነ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይመታል፤ ወንድምና እኅትን በአንድ ወገን ለማሰለፍ የሚሻል ክፍል አላገኘሁም። የሰይፍ ፍልሚያው ኃይለኛ ለሚመታው ሳይሆን የባላጋራውን ሰይፍ አቅጣጫ አይቶ ለሚመክተው ስለሚያደላ፣ ትንንሾቹ ትልልቆቹን ሲያሸንፉ ማየት የተለመደ ነው።

እግር ኳሱ ግን አሳዝኖኛል፤ ኳስ በሚወደድበት ከተማ አስቀድሞ የሚከፈተው እርሱ ነውና ይህን ሳልናገር አላልፍም። አንድ ተጫዋች ሁለት ጆይ-ኮን ይይዛል፤ ሩጫውም እንደ ፕሌይስቴሽን በአውራ ጣት ነው። ስለዚህ እናቴን ያስገባው በር እዚህ ላይ ይዘጋባታል። የሚሻለው ጆይ-ኮኑን በማሰሪያ ጭን ላይ አስረው በእውነተኛ እግር የሚመቱበት ክፍል ነው፤ እርሱም ቢሆን ከታች ባለው ፎቅ ለሚኖሩ ጎረቤቶች ስለሚሰማ በምሽት አይመከርም። ሌሎቹ ስፖርቶች መዝለል አያስፈልጋቸውም፤ ልጆች ግን በመረብ ኳስ መዝለላቸው አይቀርምና ሊነገራቸው ይገባል።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ቡና እየተፈላ ጨዋታ አይከፈት። ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ወለል ላይ ባሉበት ክንዱን የሚያወናጭፍ ልጅ ሲኒ መስበር ብቻ ሳይሆን የፈላ ጀበና ሊገለብጥ ይችላል። የእጅ አንጓ ማሰሪያውም ሁልጊዜ ይጠለቅ፤ ላብ ካረጠበው መዳፍ ያመለጠ ጆይ-ኮን የሚያርፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ነውና።

መብራት ሲጠፋ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም፤ ስዊቹን ከቴሌቪዥኑ ጋር ከሚያገናኘው ማስቀመጫ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ በማቆም በራሱ ስክሪን መቀጠል ይቻላል፣ ጆይ-ኮኖቹም ሙሉ ከሞሉ እስከ 20 ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ስክሪኑ ግን ለአራት ሰው ያንሳል። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአገራችን መብራት ጋር ይስማማል፤ የሶኬት መቀየሪያ ግን ሊያስፈልግ ይችላል።

ሲገዙ ስዊች ላይት ከተባለው አነስተኛ የስዊች ዓይነት ይጠንቀቁ፤ ዋጋው ቢቀንስም ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም፣ ጆይ-ኮኖቹም አይላቀቁም። ከስዊቹ ጋር የሚመጣው አንድ ጥንድ ጆይ-ኮን ለአብዛኞቹ ስፖርቶች ሁለት ሰው ያጫውታል፤ ለአራት ሰው ተጨማሪ ጥንድ መግዛት ግድ ይላል፣ ይህም በበጀትዎ ውስጥ ይግባ። አዲስ የታሸገው የጨዋታው ካርትሪጅ (ወደ ስዊቹ የሚገባው ትንሽ ካርድ) ከጭን ማሰሪያው ጋር ይመጣል፤ እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ግን ማሰሪያው ወጥቶለት ነበርና ሣጥኑን ሳይከፍቱ ገንዘብ አይክፈሉ። ጎልፍና ቅርጫት ኳስ በኋላ የተጨመሩ ስለሆኑ በኢንተርኔት ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ከሩቅ ሰዎች ጋር ለመጫወት የአባልነት ክፍያ ይጠየቃል፤ ይህ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚከፈል ብዙ ቤተሰብ አይጠቀምበትም፣ ሳሎን ውስጥ ለመጫወት ግን አያስፈልግም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቦውሊንግ ያስከፍቱና አንጓዎን ቀጥ አድርገው ደጋግመው ይወርውሩ፤ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያፈነግጥ ከሆነ በስዊቹ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የእንቅስቃሴ ልኬት እንደገና ያስጀምሩ፣ ከዚያም በኋላ ካልተስተካከለ ያንን ጆይ-ኮን ይመልሱላቸው።