ካፌ፣ ሬስቶራንት ወይስ ቡፌ? የት ምን ማዘዝ እንደሚሻል

ከቤት ውጭ መብላት የምወድ ተራ ተመጋቢ ነኝ። ለዓመታት ካፌ ገብቼ ምሳ፣ ሬስቶራንት ገብቼ ቡና እያዘዝኩ ስከፋ ከኖርኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እያንዳንዱ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ እጁን የማያነሳበት ሥራ አለው፤ የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ካፌ ቀኑን ሙሉ ቡና ያወጣል። ሬስቶራንት ምድጃው ላይ ይውላል። ቡፌ ደግሞ አስቀድሞ ያበሰለውን እንዳይበርድ ሲጠብቅ ይውላል። ሦስቱን የማነጻጽረው በዚህ ዓይን ነው።

ቡናው ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው

ኤስፕሬሶ ጥንቃቄ የሚፈልግ መጠጥ ነው። ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ገደማ ግፊት በደቀቀ ቡና ውስጥ ያልፋል፤ የሚፈጀውም ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ቡናው ትንሽ ከሻከረ ውሃው ሮጦ ያልፍና ሲኒው ውስጥ የሚቀረው ቀጭንና ጎምዛዛ ነገር ይሆናል። ከመጠን በላይ ከደቀቀ ደግሞ እየተንጠባጠበ ይወርድና ይመራል። ስለዚህ ጎበዝ ባሬስታ (ማሽኑ ላይ ቡና የሚያወጣው ሰው) መፍጫውን ማለዳ ሞክሮ ያስተካክላል፤ የአየሩ እርጥበት ሲለወጥም እንደገና ይነካካዋል። የተፈጨ ቡና ደግሞ መዓዛው በደቂቃዎች ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ሰው የማይቋረጥበት ካፌ ውስጥ ቡናው እየተፈጨ ወዲያው ያልቃል። አመሻሽ ላይ ጥቂት ሲኒ ብቻ የሚሸጥ ሬስቶራንት ውስጥ ግን ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ቀደም ብሎ የተፈጨው ቡናም መፍጫው ውስጥ ያድራል። በጣም ጥሩ እራት በልተው በመጨረሻ የቀረበልዎት ቡና ለምን እንዳላረካዎት ገርሞዎት ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

የማሽኑ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሪዮንዶ እ.ኤ.አ. በ1884 ቱሪን ላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መሣሪያ ቡናን በእንፋሎት ግፊት በብዛትና በፍጥነት ለማፍላት የታሰበ ነበር። በ1901 ሉዊጂ ቤዜራ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻ የሚቀዳበትን ማሽን አስመዘገበ። ኤስፕሬሶ ላይ የሚታየው ወፍራሙ ወርቃማ አረፋ የመጣው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ጣሊያናዊው አኪሌ ጋጃ ግፊቱን በማንሻ ከፍ ማድረግ ሲችል ነው። ከመነሻው ወረፋ ላለበት ቤት የተሠራ ማሽን ነው።

እኔ ካፌ ስገባ ማሽኑ በሚታየኝ ቦታ እቀመጣለሁ። የማየውም አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ የእንፋሎቱን ቱቦ። ጥንቁቅ ባሬስታ ወተቱን ከማሞቁ በፊት እንፋሎቱን ለአፍታ ከፍቶ ውስጡ የቀረውን ውሃ ያስወጣል። ሲጨርስም ጨርቁን አንስቶ ቱቦውን ወዲያው ይጠርጋል። ቱቦው ላይ የደረቀ ነጭ ወተት ተጋግሮ ካየሁ ሻይ አዝዛለሁ። ጆሮም ይረዳል። በደንብ የሚሞቅ ወተት መጀመሪያ ወረቀት ሲቀደድ የመሰለ አጭር ድምፅ ያሰማና ዝም ይላል፤ እስከ መጨረሻው የሚጮኽ ከሆነ ግን እየተበላሸ ነው። ወተት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ከ70 ካለፈ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። "በጣም ትኩስ ይሁንልኝ" ብሎ የሚያዝዝ ሰው ሳያውቀው የወተቱን ጣዕም እየሸጠ ነው።

ምግቡስ?

ካፌ ውስጥ ቶሎ የሚሠራውን ይምረጡ፦ እንቁላል፣ የተጠበሰ ሳንድዊች፣ ጠዋት የተጋገረ ዳቦና ኬክ። የመስታወቱ መደርደሪያ ውስጥ ያለውን "ዛሬ የተጋገረው የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው አስተናጋጁን አያስቀይምም፤ መልሱ ከዘገየ ግን መልስ አግኝተዋል ማለት ነው። የካፌው ሜኑ ዓሣም፣ ፓስታም፣ ሩዝም፣ ስቴክም ደርድሮ ካቀረበ ይጠንቀቁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ካፌ ውስጥ ዓሣ አዝዤ ነበር። ዳር ዳሩ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል፤ መሐሉን በሹካ ስከፍተው ቀዝቃዛ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ማይክሮዌቭ ውስጥ መግባቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አላስፈለገኝም። ዓሣው በእውነት አሳዘነኝ፤ በወቅቱ ቢበስል ጥሩ ምግብ ይሆን ነበር።

ሬስቶራንት ውስጥ የሚከፍሉት ለሰው እጅ ነው። ሽንኩርቱ ከመከፈቻው ሰዓት በፊት ተከትፏል፣ መረቁ ለሰዓታት ፈልቷል፣ ሥጋ ላይ የሚሠራው ሰውና አትክልት ላይ የሚሠራው ሰው ተለያይተዋል። ፈረንሳዊው ሼፍ ኦጉስት ኤስኮፊየ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ያደራጀው የሥራ ክፍፍል ዛሬም በብዙ ወጥ ቤቶች ይሠራበታል፤ ዓላማውም በአንድ ገበታ የታዘዘው ሁሉ እኩል ደርሶ በትኩሱ እንዲቀርብ ነው። ሬስቶራንትን ስመዝን ሦስት ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው የሜኑው ርዝመት ነው። 12 ዓይነት ምግብ ያለው ቤት ዕቃውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ቶሎም ይተካል። 80 ዓይነት የሚያቀርብ ቤት ግን አብዛኛውን ከማቀዝቀዣ እያወጣ ካልሆነ እንዴት ይችለዋል? ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። አሁኑኑ ተጠብሷል የተባለ ሥጋ በሦስት ደቂቃ ከመጣ ለእርስዎ አልተጠበሰም። ሦስተኛው ሰሃኑ ነው፤ ትኩስ ምግብ በሞቀ ሰሃን ከቀረበ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚያስብ ሰው አለ።

ከሁሉ በላይ ግን አስተናጋጁን አምናለሁ። አንድ ምሽት ዓሣ ላዝዝ ስል አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ "ዛሬ ዶሮው ይሻልዎታል" አለችኝ። ከዚያ በላይ ምንም አልተናገረችም። ዶሮውን በላሁ፤ እስካሁንም እዚያ ቤት እመላለሳለሁ።

ቡፌን በጅምላ የሚንቁ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ልጆች ይዘው ሲወጡ ወይም የጣዕም ምርጫው የተለያየ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ቡፌን የሚያህል የለም። ዋናው የሚያነሱትን ማወቅ ነው። ክዳን ሥር የሚቀመጥ ጥብስ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል፤ በመረቅ የተሠራው፣ ባቄላው፣ ምስሩና ሾርባው ግን ቢቆይም አይጎዳም፤ እንዲያውም ይዋሃዳል። ስለዚህ ጥብሱን ትተው ወጥ ወጡን ያንሱ። የሩዙ ትሪ ዳር ላይ ጠንካራ ቅርፊት ካዩም ሩዙ ብዙ ቆይቷል።

ደኅንነቱ ላይ ግን አልደራደርም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፤ የበሰለ ምግብም በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ክዳኑን ሲያነሱ እንፋሎት ካልወጣ፣ ሰላጣው በረዶ ላይ ካልተቀመጠ ይለፉት። ቡፌው እንደተከፈተ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ትንንሽ ትሪ እየተመላለሰ የሚተካበት ቤትም አንድ ትልቅ ትሪ ሲደክም ከሚውልበት ቤት ይበልጣል።

ለወሬ የቱ ይመቻል?

መስታወትና ድንጋይ የበዛበት ካፌ ድምፅን ይመልሳል። ሰው ጫጫታ ሲሰማ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተዋለው ይህ ጠባይ በስሙ ይጠራል። አንዱ ገበታ ሲጮኽ ሌላውም ይከተላል፣ መጨረሻው ሁሉም ማንንም የማይሰማበት ቤት ነው። ቁም ነገር ሊያወሩ ከሆነ መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ያለበት ሬስቶራንት ይሻላል። ብቻዎን መጽሐፍ ይዘው ከሆነ ደግሞ ካፌ፣ ከመፍጫው ራቅ ብለው።

ሂሳቡን በተመለከተ ከማዘዝዎ በፊት የሜኑውን ታችኛ መስመር ያንብቡ፤ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ መካተታቸው የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ቡፌ ላይ መጠጥ ለብቻው ይሁን አብሮ ይጠይቁ።

እኔ አሁን ምሳ ሬስቶራንት በልቼ ሂሳብ እከፍላለሁ፤ ቡናውን እዚያ አልጠይቅም። ተነሥቼ ሰው ወደበዛበት ካፌ እሄድና ማሽኑ አጠገብ ቆሜ እጠጣለሁ። እራት ላይ ግን ቡናውን ጭራሽ እተወዋለሁ፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃልና።