የተዳቀለ የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ፦ ከ4 ዓመት በኋላ፣ ከአዳማ ጓሮዬ

ያዋጣል። «የተዳቀለ ችግኝ መግዛት ያዋጣል ወይ?» ብሎ ለቸኮለ ሰው መልሱ ይሄ ነው። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም በአንዱ ተክል ሥር ላይ የሌላ ዛፍ ቀንበጥ የተጋጠመበት፣ ብዙዎቻችን ግራፍት የምንለው፣ ከፍሬ ከበቀለው በጣም ይወደዳል። እኔ በሰኔ 2013 ስገዛ አንዱ የተዳቀለ አቮካዶ 120 ብር ነበር፣ ከፍሬ የበቀለው 25 ብር። ዛሬ ዋጋው ጨምሯል፣ ልዩነቱ ግን አልጠበበም። ያም ሆኖ ያዋጣል፤ በእውነት የተዳቀለ ከሆነ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም የውሸቱ ስለበዛ ነው።

መጀመሪያ የተሸወድኩትን ላውራ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መንገድ ዳር ችግኝ ደርድሮ ከሚሸጥ ሰው ሁለት ማንጎ ገዛሁ። «የተዳቀለ ነው፣ በ3 ዓመት ያፈራል» አለኝ። ግንዱ ላይ ፕላስቲክ ተጠምጥሟል፣ አመንኩ። ከወራት በኋላ የአንዱን ፕላስቲክ ስፈታው ከሥሩ ልሙጥ ግንድ ነው። ጠባሳ የለ፣ መጋጠሚያ የለ። ከፍሬ በበቀለ ተራ ችግኝ ላይ ፕላስቲክ ጠምጥሞ ሸጠልኝ ማለት ነው። ሁለተኛው የተዳቀለ ነበር፤ ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ግን ጀርባው በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ይሄ ማንጎን የሚያጠቃው ነጭ ተባይ ነው፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ወለጋ ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ደርሷል። የቅጠሉን ምግብ ይመጥጣል፣ ፍሬው ላይም ቀላ ያለ ምልክት እየተወ ገበያ ያሳጣዋል። ሁለቱንም ነቀልኳቸው። ከብሩ ይልቅ ያቃጠለኝ የባከነው ክረምት ነው።

በቀጣዩ ዓመት የሄድኩት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ መልካሳ አካባቢ ወዳለ ትንሽ የግል ችግኝ ጣቢያ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ስለሆነ በዚያ መስመር ስለ ፍራፍሬ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። «አባባ፣ ይሄ አቮካዶ ምን ዝርያ ነው?» አልኳቸው። «ሃስ ነው ልጄ። ነይ እናቱን ላሳይሽ» አሉና ከጀርባ ወዳለ ፍሬው የተንዠረገገ ዛፍ ወሰዱኝ። ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። እናት ዛፉን የሚያሳይ ሻጭ ካገኛችሁ ሌላ ቦታ አትሂዱ።

ለምን መሰላችሁ? በማዳቀል ሥሩ ከፍሬ የበቀለ ጠንካራ አቮካዶ ይሆናል፤ ላዩ ግን ከሚታወቅ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ነው። ቀንበጡ ካደገ ዛፍ ስለመጣ እንደ ሕፃን ተክል ከዜሮ አይጀምርም። በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፣ ፍሬውም ቁርጥ እናቱን ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ 7 ወይም 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ10 በላይ ያስጠብቃል። ያን ሁሉ ጠብቃችሁ ደግሞ የሚወጣው ቅባት ያለው ይሁን ውሃ ውሃ የሚል አይታወቅም።

ስትገዙ ፕላስቲኩን አትመኑ፣ ፍቱልኝ በሉ። ግንዱ ላይ፣ ከአፈሩ ከፍ ብሎ፣ አበጥ ወይም ጎበጥ ያለ መጋጠሚያ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች ያለው ልጥ ቀለሙም ይለያያል። ፕላስቲኩ በጊዜው ካልተፈታም ግንዱን አንቆ ሊገድለው ይችላል። ቅጠሉን ገልብጡ፣ ጀርባውን እዩ። እኔ አሁን ይህን ሳላደርግ አንድ ችግኝ አልገዛም።

አዛውንቱ አንድ ማንም ያልነገረኝን ነገርም ነገሩኝ። የአቮካዶ አበባ መጀመሪያ እንደ ሴት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ እንደ ወንድ ሆኖ እንደገና ይከፈታል። አንዳንዱ ዝርያ ጠዋት ሴት ነው፣ አንዳንዱ ከሰዓት። ሃስ ብቻውንም ያፈራል፤ እንደ ኢቲንገር ወይም ፉዌርቴ ያለ ሰዓቱ የተገላቢጦሽ የሆነ ዛፍ በአቅራቢያው ካለ ግን ፍሬው ይበዛል። የእኔ ግቢ ሁለት አቮካዶ አይችልም። ስለዚህ ኢቲንገሩን ገዝቼ ግድግዳ ለሚያዋስኑን እትዬ ሰጠኋቸውና እሳቸው ጓሮ ተከልነው። ንቦቹ ግድግዳ አያግዳቸውም። አሁን እሳቸውም ይለቅማሉ፣ እኔም እለቅማለሁ።

ከዚያው የገዛሁት ማንጎ ኬንት የሚባል ዝርያ ነው፤ ቃጫ የለውም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት አበባ ሲያወጣ «ቁረጪው፣ ገና ልጅ ነው» ተባልኩ። አንጀቴ እያረረ ቆረጥኩት። ምክሩ ልክ ነበር፤ ያኔ ጉልበቱን በፍሬ ቢጨርስ ኖሮ ዛሬ ያለውን ቅርንጫፍ አያወጣም ነበር። ፓፓያም ወስጄ ነበር፤ እሱ መዳቀል አያስፈልገውም፣ በዓመቱ ገደማ አፍርቷል። ወንድና ሴቱ አበባ እስኪያወጣ ስለማይለይ ሦስት ችግኝ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተክላችሁ በኋላ ሴቷን ወይም ሁለቱንም ፆታ የያዘውን ማስቀረት ነው።

የጣቢያው ጉድለትም አለ። ዝርያው ችግኙ ላይ አልተጻፈም፤ ሁሉም ነገር ያለው በአዛውንቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ እሳቸው የሌሉ ቀን የሚሸጠው ልጅ ሃሱን ከፉዌርቴው አይለይም። አንዳንዱ ችግኝ ከረጢቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከመቆየቱ የተነሳ ሥሩ ከታች ተጠምዝዟል፤ እኔ ጋ አንዱ እንደዚያ ነበርና የተከልኩት የተጠመዘዘውን ቆርጬ ነው። ማድረሻ የላቸውም። በባጃጅ ሳመጣ አንድ ቀንበጥ ተሰበረብኝ። ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ ችግኙን አቁማችሁ እሰሩት።

አሁን ወደ አዳማ ችግር ልምጣ፣ ምክንያቱም ችግኙ ጥሩ ሆኖ ቦታው ሊገድለው ይችላል። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ከተማችን ዳር ላይ እነዚያ ትላልቅ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ነፋሷ ስለሚያስተማምን ነው፤ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ደግሞ ተሰባሪ ነው። ሁለት እንጨት ግራና ቀኝ ተክላችሁ በጨርቅ፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ሽቦ አይሆንም። በበጋው ፀሐይ በሚበረታበት በኩል የጆንያ ጥላ አቆምኩለት፤ ያላቆምኩለት አንድ ማንጎ ቅጠሉ ተቃጥሎ ወደኋላ ቀርቷል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ቧንቧ በተራ ስለሚመጣ በመጀመሪያው በጋ የልብስ እጣቢ እያጠጣሁት ነበር። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ መድረቅ ጀመረ። አቮካዶ ጨው አይችልም፣ ሳሙናውም ጨው አለው። እጣቢውን ተውኩና ከሮቶ ንጹህ ውሃ በሳምንት ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ጀመርኩ። አዲሱ ቅጠል ደህና ሆኖ ወጣ። በክረምት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ጉድጓዱን 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቆፍሬ የላዩን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ መለስኩ፣ መሃሉን ከፍ አደረግኩት፣ መጋጠሚያው አፈር እንዳይነካው ተጠነቀቅኩ። ዙሪያውን ገለባ አልብሻለሁ፤ ግንዱን ግን አላስነካውም።

ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ቶሎ ቀንጥቡት። እሱ የሥሩ ነው፤ ከተዋችሁት ከላይ ያለውን ውድ ቀንበጥ ውጦ ይቀራል።

ውጤቱ ይሄን ይመስላል። ሃሱ በ2016 ዓ.ም. 9 ፍሬ ሰጠ፣ ዘንድሮ ከ60 በላይ ለቅሜያለሁ። ኬንቱ 14 ሰጠ። ሃስ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ነው የሚበስለው፣ ሲበስል ደግሞ ልጣጩ ይጠቁራል። ልጆቼ መጀመሪያ ሲያዩት ተበላሽቷል ብለው ሊጥሉት ነበር። ቆርጬ አቀመስኳቸው፤ አሁን ከጁስ ቤት ስፕሪስ አይጠይቁም፣ እዚሁ እንፈጫለን።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ሂዱ፣ በመጋቢት አትግዙ። ጠዋት ሂዱ፣ አዛውንቱ እስከ ምሳ ነው የሚገኙት። እኔ ዘንድሮ ለመንደሪን ነው የምመለሰው፤ እናቱን አይቻታለሁ።