የጊት ሰነድ ስለ ፑልና መርጅ፦ ትክክል ነው፣ አቀራረቡ ግን ጀማሪን ያደክማል

የጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ይፋዊ ሰነድ ውስጥ ያሉት የ«ጊት ፑል» (ከሌላ ቦታ ለውጥ አምጥቶ መቀላቀያ) እና የ«ጊት መርጅ» (ብራንቾችን ማዋሃጃ) ገጾች በትክክለኛነታቸው አይታሙም። የሚያስቸግሩት ጀማሪው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀውን ጥያቄ በአማራጮች ክምር ስለሚሸፍኑት ነው፤ ለውጡ የሚገባው የትኛው ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ውስጥ ነው? መልሱ አጭር ነው፦ አሁን የቆማችሁበት ውስጥ።

ይህን ያልያዘ ሰው «ጊት ፑል ኦሪጅን ሜይን» (ኦሪጅን ከሚባለው ሪሞት፣ ማለትም ከሩቁ ማከማቻ፣ ሜይን የተባለውን ብራንች አምጣ) ሲል በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሜይን የታደሰ ይመስለዋል። የቆመው «ሎጊን» በሚባል ብራንች ላይ ከሆነ ግን የሪሞቱ ሜይን የሚቀላቀለው ከሎጊን ጋር ነው። የራሱ ሜይን ንቅንቅ አይልም።

ፑል ሁለት ሥራ መሆኑን ገጹ በግልጽ ይናገራል፤ መጀመሪያ ፌች (ለውጡን ማውረድ)፣ ቀጥሎ መርጅ ወይም ሪቤዝ (የራስን ለውጦች በመጣው ላይ እንደገና መደርደር)። ለጀማሪ ሁለቱን ለያይቶ መሥራት ይሻላል። «ጊት ፌች» ካላችሁ በኋላ «ጊት ሎግ ሄድ..ኦሪጅን/ሜይን» («ሄድ» አሁን የቆማችሁበት ነው) የሚመጡትን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ያሳያችኋል፤ አይታችሁ መርጅ ታደርጋላችሁ። በ2021 ከወጣው የጊት ስሪት 2.33.1 ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች (የእናንተ ብራንችና የሪሞቱ) ከተለያዩና እናንተ ምርጫ ካላስቀመጣችሁ ፑል ሥራውን ያቆማል። «--ኤፍኤፍ-ኦንሊ» እዚህ ጋ ጥሩ መከላከያ ነው፦ ብራንቹ ወደፊት ብቻ መሄድ ካልቻለ ምንም ሳይነካ ይመለሳል። ሪቤዝ ለሌሎች የወጣ የኮሚት ታሪክን እንደሚቀይር ገጹ ማስጠንቀቁም ተገቢ ነው።

ከመርጅ ገጽ ምርጡ ክፍል ስለ «አወርስ» (በእንግሊዝኛ ours፣ «የእኛ») የተጻፈው ነው። «-ኤክስ አወርስ» በተጋጩት መስመሮች ላይ ብቻ የእኛን ይመርጣል፤ «-ኤስ አወርስ» ግን ሌላው ብራንች የሠራውን በሙሉ ይጥላል። አንዲት ፊደል የሰው ሥራ ልታስጠፋ ስለምትችል ይህ ልዩነት በደማቁ ቢጻፍ አይበዛም። በሪቤዝ ጊዜ ደግሞ «የእኛ» እና «የእነሱ» ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ይህን ሳያውቁ ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) መፍታት የተሳሳተውን ወገን ያስመርጣል።

ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ይዞ መርጅ መጀመር እንደማይመከርም ገጹ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱም ኮንፍሊክት ሲመጣ መርጁን የሚሰርዘው «ጊት መርጅ --አቦርት» ያንን ለውጥ እንደነበረ ላይመልሰው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «ጊት ስታተስ»፣ የቀረ ነገር ካለ ኮሚት ወይም ስታሽ (ለጊዜው ማስቀመጥ)፣ ከዚያ መርጅ።